ከኃይለ ኢየሱስ በላይ

ታኅሣሥ 3

ገብሱ ዛሬ ተወቅቶ አለቀ። ውርጩ ጠዋት ጠዋት ጆሮ ይቆርጣል። ኮከብ፣ የልጄ የስንታየሁ ልጅ፣ ከሞላሌ ገበያ ደብተር ገዝታልኝ መጣች። «አባባ፣ የዘር ቆጠራውን ይጻፉልን። ከእርስዎ ጋር አብሮ እንዳይቀበር» አለችኝ። ሟርተኛ… ግን ልክ ናት።

እጄ ሞፈር እንጂ ብዕር አልለመደም። ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ሳልደግም ነው የወጣሁት። ቢሆንም አባቶቼን ለመጻፍ ማንንም አልለምንም።

ተገኘ መኳንንት። መኳንንት ኃይለ ኢየሱስ። ኃይለ ኢየሱስ ይሥሐቅ። ይሥሐቅ ማዕረግ… ከዚያም ወደ ላይ አገሩን እስካቀናው አባት ድረስ። እጄ ደከመ። ነገ።

ታኅሣሥ 5

ለኮከብ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። ልጁ አብነት ይባላል፣ የዘመሮ ልጅ፣ መሐል ሜዳ አስተማሪ። ሰርጉ ለጥር ታስቧል። መጀመሪያ ግን ሰባት ቤት መቆጠር አለበት። ከሰባት ቤት ወዲህ ከተገናኙ ጋብቻ የለም።

በዚህ አገር ቆጣሪው እኔ ነኝ። ስንቱን አጋብቻለሁ፣ ስንቱንም አስቀርቻለሁ። በዘጠኝ ዓመቴ ዳኛ ፊት ቆሜ የቆጠርኩ ሰው ነኝ። አባቴ በጃንሆይ ጊዜ የይሥሐቅን ርስት ሲከራከር «ልጅ አይዋሽም፣ እሱ ይቁጠር» አለ። አንዲት ስም ሳልስት ቆጠርኩ። መሬቱ ተፈረደልን። የተፈረደባት ሴትዮ ደብሪቱ ትባላለች፣ የይሥሐቅ ልጅ። ጎንበስ ብላ አየችኝ። «ጎበዝ ነህ ልጄ። ማን አስተማረህ?» አለችኝ። አባቴ እጄን ጎትቶ ወሰደኝ።

ዛሬ እሷን ምን አስታወሰኝ?

ታኅሣሥ 8

መጡ። የልጁ አያት ምንይሉ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የኛው መምሬ ቴዎፍሎስ። ቆሎና ጠላ ቀረበ። እኔ ከስንታየሁ ጀምሬ ቆጠርኩ። አምስተኛው ላይ ይሥሐቅ ስል ምንይሉ ዋንጫውን አስቀመጠ።

«ይሥሐቅ ማዕረግ?»

«እሱ።»

«የኛም አምስተኛው እሱ ነው። በአያቴ በደብሪቱ።»

ጓዳ ውስጥ ዕቃ ወደቀ። ኮከብ ናት።

መምሬ «እንግዲህ በአምስት ቤት…» ብለው ተዉት።

ምንይሉ ፈገግ አለ። «አያቴ ‹እነዚያ ሰዎች ደማችን አይደሉም› እንዳለች ነው የሞተችው። ግን ምን ይደረጋል አቶ ተገኘ፣ የኛ ዝምድና ፍርድ የተሰጠበት ነው።»

ተነሥቼ ወጣሁ። በጎቹ ጋ ሄጄ ቆምኩ። የቤቴን ጠላ እየጠጣ…

ታኅሣሥ 9

ኮከብ እህል አልቀመሰችም።

ታኅሣሥ 11

ስንታየሁ ከበረቱ ተከትሎኝ ገባ። «አባዬ፣ ሰውዬው ያለው እውነት ቢሆንስ?»

«አያትህን ውሸታም ልትል ነው?»

«አልወጣኝም።»

«ወጥቶሃል።»

አባረርኩት። ደም ደም ነው፣ አይፋቅም… ግን አንድ ነገር አለ። አባቴ ከክርክሩ በፊት ይሥሐቅን «አያቴ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። «ጌታው ይሥሐቅ» ነበር የሚል። ለዳኛው ሲያስጠናኝ «ጌታው ብትል እገርፍሃለሁ» አለኝ። ሰው ለገዛ አያቱ ጌታው ይላል?

ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልጠየቅሁም? ባለቤቴ ጥሩሸዋ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ ሙታኑን ስትቆጥር እኛ ያለነው አመለጥንህ» ትለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 14

ሁለት ቀን መኪና አጥቼ ዛሬ መሐል ሜዳ ገባሁ። የአባቴ ታናሽ እህት እማሆይ አመተሥላሴ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ጎጆ አላቸው። ዘጠናን አልፈዋል። ዓይናቸው አያይም።

«ማነህ?»

«ተገኘ ነኝ እማሆይ። የመኳንንት ልጅ።»

«ቆጣሪው?» ሳቁ። «ልትጠይቀኝ መጣህ? እስክትመጣ አረጀሁ እኮ።»

ጠየቅኋቸው። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«አባታችን ኃይለ ኢየሱስ የይሥሐቅ ልጅ አይደለም። ከብቱም ሰዉም ባለቀበት በክፉ ቀን ነው የመጣው፣ ከላስታ በኩል። የስድስት ዓመት ልጅ። ከሞተች እናቱ ጎን ተቀምጦ ይሥሐቅ አገኘው፤ በበቅሎው አፈናጦ አመጣው። ስሙን ያወጣለትም እሱ ነው። አሳደገው፣ ዳረው፣ የሚያርሰው ሰጠው። ርስት ግን በደም ነው። ይሥሐቅ ሲሞት ለደብሪቱ ሆነ። መኳንንት ይህን አልቻለውም። አንተን አስጠናህ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ወንድሜ ነዋ። ከዚያ መሬት እኔም በልቻለሁ። ለምን የመነኮስኩ ይመስልሃል?»

የአያቴ እውነተኛ አባት ማን ይባላል አልኳቸው።

«እሱም አያውቅ። ሕፃን አባቱን በስም ይጠራል? አብዬ ይለው ነበር። አብዬ ብቻ።»

ታኅሣሥ 17

ዝም ብልስ? ማን ያውቃል? እማሆይ ዛሬ ነገ ናቸው። መሬቱ እንደሆነ በስልሳ ሰባት ተከፋፍሏል። የቀረኝ ስሜ ነው። ከይሥሐቅ ማዕረግ ከወረድኩ ምን ልባል ነው? መጤ? በደብሪቱ ልጅ ልጅ ፊት?

ኮከብ ውሃ ልታስታጥበኝ መጣች። ቀና ብላ አላየችኝም። «መሐል ሜዳ ምን ሄዱ አባባ?»

«አክስቴን ልጠይቅ።»

«ደኅና ናቸው?»

«ከኔ ይሻላሉ።»

ጠጋ ብላ አየችኝ። ጀርባዬን ሰጠኋት።

ታኅሣሥ 20

ሁሉንም አስጠራሁ። ቆሜ ተናገርኩ። ብቀመጥ አይወጣኝም ነበር።

«ዳኛ ፊት የቆጠርኩት ሐሰት ነው። አያቴ በክፉ ቀን የመጣ የላስታ ልጅ ነው። ይሥሐቅ አሳደገው እንጂ አልወለደውም። ደብሪቱ ልክ ነበረች።»

አንዱ ሽማግሌ ለጎኑ ሰው «ሰርጉ እንዳይፈርስበት ይሆናላ» አለ። ሰማሁት።

መምሬ «ምስክር?» አሉ። «እማሆይ አመተሥላሴ አሉ። ሄዳችሁ ጠይቁ» አልኩ።

ምንይሉ ቀና ብሎ አየኝ። ሊያፌዝብኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«የአቶ ተገኘ ዝና ዘመሮ ድረስ ይሰማል» አለ። «ራሱን ሊያገዝፍ ቢሆን እጠረጥር ነበር። ራሱን ሊያሳንስ ግን ይህ ሰው አይዋሽም።»

ሳቁ። እኔም… ትንሽ።

መምሬ ራሳቸው ሄደው እማሆይን እንዲጠይቁ ተባለ። ሲወጣ ምንይሉ በሩ ላይ ክንዴን ያዘኝ። «አያቴ ታነሣህ ነበር። አባትህን ረግማለች፣ አልዋሽህም። አንተን ግን አልረገመችም። ‹ልጁ ጎበዝ ነበር› ነው የምትል።»

አንተ አለኝ። አልከፋኝም።

ታኅሣሥ 24

መምሬ ተመለሱ። የእማሆይ ቃል ከኔው ጋር አንድ ሆኗል። ሰርጉ ጥር 13። ኮከብ ጉልበቴን ስማ አለቀሰች። አንቺ ልጅ፣ ሙክቱን አስደነገጥሽው አልኳት።

ጥር 16

ኮከብ ሄደች። ቤቱ ሰፋ።

ትናንት ከታች ሰፈር ለቆጠራ ጠሩኝ። እንደ ድሮው ልጀምር ብዬ ቆምኩ። «መጀመሪያ አሮጊቶቹን እንጠይቅ» አልኳቸው። ተያዩ።

ኮከብ በቅሎ ላይ ከመውጣቷ በፊት «ቆጠራውስ አባባ? ቃል ገብተውልኝ አልነበር?» አለችኝ። በዚህ ደብተር መጀመሪያ ገጽ ላይ ያለውን ቆጠራ ሰረዝኩት። ከኋላ አንድ ወረቀት ገንጥዬ ሰው ሁሉ ቆሞ እየጠበቀ ጻፍኩላት።

ተገኘ መኳንንት። መኳንንት ኃይለ ኢየሱስ። ኃይለ ኢየሱስ አብዬ።

ሰባት አልሞላም። አልጨመርኩበትም።