ለእናቴ ያወጣሁላት በር

ለተከበራችሁ የከፍተኛው ፍርድ ቤት የይግባኝ ችሎት ዳኞች፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ ፈጣሪ ጤናችሁን፣ በተለይም የዓይናችሁን ብርሃን እንዲጠብቅላችሁ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ጀርባ ካለው ግቢያችን ሆኜ እለምናለሁ። እኔ «የራሷ በር ያላት እናት ራሷን የቻለች እማወራ ስለሆነች በልጇ የጤና መድን መታከም አትችልም» ብላችሁ የፈረዳችሁብኝ ሰብሌ ነኝ። ምስጋናዬና ጥቂት ቅሬታዬ እንደሚከተለው ነው።

1. እናቴ ማኅበርተኞቿን በልጇ ሳሎን እየተሳቀቀች እንዳትቀበል ብለን ለክፍሏ በግቢው በኩል የራሷን በር አወጣንላት። እኛ ክብር መስሎን ነበር፤ ለካ ቤት መክፈላችን ነው። ከአንድ ድስት የምንበላ ሁለት ቤተሰቦች መሆናችንን ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን። የራሷን መድን እንዳትገባ የዘንድሮው ምዝገባ ተዘግቷል፤ ሐኪሙ ደግሞ የዓይኗ ሞራ ሳይውል ሳያድር ይገፈፍ ብሏል።

2. ጎረቤቴ ደግፌ እናቱን እማማ ዋጋነሽን ከሳሎኑ ጥግ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ያስተኛቸዋል። በር ስለሌላቸው መድን አላቸው። የእሳቸው ሞራ ተገፎላቸው አሁን ከአጥር ማዶ ሆነው የነጠላዬ ጥለት መደብዘዙን ይነግሩኛል።

3. ቅናት ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ቅናት ነው። እማማ ዋጋነሽ ያለ መሪ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል፤ «እንኳን ዓይንዎ በራ» ያልኳቸውም ጥርሴን ነክሼ ነው። ደግፌማ ከፍርዱ ወዲህ ሰላምታው ሳይቀር የኩራት ሆኗል።

4. የመድኑ ደንብ «አብረው የሚኖሩ» ይላል እንጂ በር ቁጠሩ አይልም። ሆኖም አንድ ቀን እንኳ ግቢያችንን ሳትረግጡ፣ ከችሎት ወንበራችሁ ሆናችሁ የእናቴን በር አጥርታችሁ በማየታችሁ በዓይናችሁ ጥራት ተደንቄያለሁ።

ችሎታችሁን ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ በፍርዳችሁ ከገዛ እናቴ ጋር ጎረቤት የሆንኩ፣

ሰብሌ ጉልላት

ሳልጠቅሰው እንዳላልፍ፦ ፍርዳችሁን አክብረን፣ እናቴ አስኮ እህቴ ዘንድ በዋለችበት ቅዳሜ በሯን በብሎኬት ደፍነነዋል፤ እንግዲህ አንድ ቤተሰብ መሆናችንን አጽድቁልን። ስትመለስ በሳሎን በኩል ይዘን አስገባናት፤ አፍረን ምንም አልነገርናትም። በማግስቱ ጠዋት ቁልፏን ይዛ ግድግዳውን ስትዳብስ አገኘኋት። መደፈኑን የነገሯት እማማ ዋጋነሽ ናቸው፤ ከአጥር ማዶ አይተውት።