የአባዬ ፊልም አልተቃጠለም

ለምወድህ ወንድሜ ለሓዱሽ፤

እንዴት ነህልኝ? የጁባ ሙቀትስ እንዴት አደረገህ? ዘውዲና ልጆቹ ደህና ናቸው? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ የእማዬም ደም ግፊት ረገብ ብሏል። ባለፈው ስትደውል አልቅሼ የዘጋሁብህ እሷ ታማ አይደለም። በስልክ መናገር አቅቶኝ ነው፤ ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

አባዬ በወጣትነቱ ካዛንቺስን እየዞረ ያነሳው ፊልም ተገኘ። ያ ተቃጠለ የተባለው። የተቀመጠበት መጋዘን ሲቃጠል አብሮ ነደደ ብለው ለአባዬ የነገሩት ጓደኛው ጋሽ አረጋዊ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አባዬ ካሜራ ሳይነካ፣ ሜክሲኮ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ ኖሮ እንዳረፈ ታውቃለህ።

የተረሱ የድሮ ፊልሞችን እየፈለጉ የሚያሳዩ ወጣቶች አሉ። ከእነሱ አንዷ ሂባ የምትባል የቢሮዬ ልጅ ናት፤ «የድሮ ካዛንቺስን የሚያሳይ ፊልም አግኝተናል፣ እናትሽን ይዘሻት ነይ» አለችኝ። እማዬ ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ ሆድ ብሷት ስለነበር ደስ ይበላት ብዬ ደምበል አጠገብ ወዳለው አዳራሽ ወሰድኳት። መብራቱ ጠፍቶ መጀመሪያ የመጣው ጽሑፍ «ዝግጅትና ካሜራ፦ አረጋዊ» ይላል። እሳቸው ክራቫት አስረው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የራሳቸው ፊልም ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ የግቢያችን በር ታየ። እማዬ በወጣትነቷ ባልዲ ይዛ ከቧንቧ ስትመለስ፣ ፊቷን በነጠላዋ እየሸፈነች «ገብረጻድቃን፣ በቃህ! አታንሳኝ!» ትላለች። ከካሜራው ጀርባ የአባዬ ሳቅ ተሰማ። ሓዱሽዬ፣ ያ መጨረሻ ላይ ሳል የሚሆነው ሳቁ! እማዬ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ።

ሲያልቅ ሰው አጨበጨበ። እማዬ ብድግ ብላ «የሳቀው ባሌ ነው፤ ፊልሙም የእሱ ነው» አለች። ጋሽ አረጋዊ ማይክ ተቀብለው «ፍረወይኒ፣ ጊዜው ክፉ ነበር። የደበቅኩት ለእሱ ብዬ ነው» አሉ። እሷም «እሱ ከተቀበረ ስንት ዘመኑ ነው? ዛሬ ስሙን ያጠፋኸው ከማን ልታድነው ነው?» አለቻቸው። እሳቸውም ማይኩን አስቀምጠው ወጡ።

ሂባ እያለቀሰች ይቅርታ ጠይቃን፣ ስሙ ሳይስተካከል ፊልሙ ዳግም እንደማይታይ ነገረችን። ደግ አደረገች፤ እኔ ግን አልበረደልኝም። ፊልሙን ከቤታቸው ቁም ሳጥን አውጥተው ለነሂባ የሰጧቸው ጋሽ አረጋዊ ራሳቸው ናቸው አሉ። እኒህ ሰው እኮ የክርስትና አባትህ ናቸው! በየበዓሉ ማዕዳችን ላይ ተቀምጠው፣ አባዬ «ምነው ያ ፊልሜ ባይቃጠል» ብሎ ሲቆጭ አብረውት ከንፈራቸውን ይመጡ ነበር።

ትናንት ሽማግሌ ይዘው መጡ። እማዬ ሽማግሌዎቹን አስገብታ እሳቸውን ከደጅ መለሰቻቸው። «ለእኔ ቢሆን ይቅር እል ነበር፤ የተበደለው ግን የለም» አለች። ላንተም መደወላቸው አይቀርም። «ለሓዱሽ የክርስትና አባት የመረጥንለት እኛ ነን፤ አሁን ግን የሚያደርገውን ራሱ ይወቅ» ብላለች እማዬ።

እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች። ጎረቤታችን ኩልሱምም በጣም ናፍቀኸኛል በይልኝ ብላለች። ለዘውዲ ሰላምታዬን፣ ልጆቹንም አንድ በአንድ ሳምልኝ። ሁልጊዜ እዚህ ጋ የምጽፈውን የጋሽ አረጋዊን ሰላምታ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

እህትህ ደሊና
አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.