ሳይወዳደቁ ስለ መታገል

ለተከበሩ ሙሴ ታፕሲር ጌይ
የአውራጃችን የልጆችና ወጣቶች ስፖርት ሹም
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ያቺን ፊሽካ የሚነፉበት ሳንባዎ ደህና ነው ወይ? እኛ የኤላኛይ መንደር ሰዎች ከአንዲት ክርን በስተቀር እግዜር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ እያባራ ነው፤ ሩዙም አሽቷል።

እኔ ኦርታንስ ማንጋ እባላለሁ፤ በቢሮዎ አካባቢ «ያቺ ጯሂ ሴትዮ» እየተባልኩ የምታወቀው ነኝ። በልጅነቴ እንደ ማንኛዋም የጆላ ብሔረሰብ ሴት ልጅ ታግያለሁ፤ ዛሬ ደግሞ የመንደራችንን ሴት ልጆች ትግል አስተምራለሁ። ቱታ ስለሌለኝ አሠልጣኝ ልባል እንደማልችል በሰው ፊት ስላስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውንም ምስጋና ሳይሰለቹ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ለልጆቻችን እረፍት ስላሰቡ እናመሰግናለን። ከአጨዳ በኋላ ሴቶች ልጆቻችን ከጎረቤት መንደር ልጆች ጋር የሚታገሉበት በዓል ሲቃረብ፣ እያንዳንዷ ልጅ ከወንዝ ዳር አሸዋ በሳፋ ተሸክማ እያመጣች የትግሉን ሜዳ ታለሰልሳለች። አንገቷም፣ ወገቧም፣ እግሯም የሚጠነክረው በዚያው ነው። እርስዎ ግን ከመኪናዎ ሳይወርዱ በመስኮት አይተው «ይሄማ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ነው!» አሉ። እሰይ አሉ! ልጆቹ ከእንግዲህ አሸዋ እንዳይሸከሙም ሜዳው ላይ ሲሚንቶ አስፈሰሱበት። ራሱን ያመመውን ሰው አንገቱን ቆርጦ ማዳን ማለት ይኸው ነው።

ሽማግሌዎቻችሁ ያኔ ለምን ዝም አሉ ይሉኝ ይሆናል። ክቡር ሆይ፣ በእኛ ዘንድ እንግዳ የቀረበለትን በልቶ እስኪጨርስ ክፉ ቃል አይነገረውም፤ እርስዎ ደግሞ ሲሚንቶው እስኪደርቅ ድረስ ሩዝና ዓሣዎን አልጨረሱም።

ሁለተኛ፤ «ለደህንነት ሲባል ሴት ልጆች ሳይወዳደቁ ይታገሉ» ስለሚለው ሰርኩላርዎ እናመሰግናለን። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲነበብ መንደሩ በሙሉ ተሰብስቦ ነበር። አሮጊቷ አክስቴ ሲበት ሁለቴ አስነብባ ካዳመጠች በኋላ «ልጆቼ፣ ሳይረጥቡ መዋኘትስ መቼ ነው የሚታወጀው?» ብላ ጠየቀች። እባክዎ ቀኑን ይቁረጡላት፣ ዕድሜዋ ገፍቷል።

ለሚቀጥለው ጉዳይ ቁጥር ልስጠው ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ባለፈው ሰኞ ከማንጎው ጥላ ሥር ቆመው ልጆቹን በዚያ ሲሚንቶ ላይ አታገሏቸው። የአሥራ አምስት ዓመቷ አይምፔን ባሴን፣ ከመንደራችን ለክልሉ የወጣቶች የትግል ቡድን ምርጫ የታጨችው ብቸኛዋ ልጅ፣ ጓደኛዋን ማርሴሊንን ወገቧን ይዛ ብድግ አደረገቻት። ያኔ ፊሽካዎን ነፍተው «ቁሚ! እንዳትጥያት!» አሉ። አይምፔን ታዛዥ ናት፤ ቆመች። ማርሴሊንን እንደ ጨቅላ ታቅፋ «ሙሴ፣ ታዲያ የት ላድርጋት?» ብትልዎ፣ እርስዎ መልሱን ፍለጋ መመሪያዎን ያገላብጡ ጀመር። ማርሴሊንም ከላይ ሆና «እኔንም አንድ በሉኝ እንጂ!» ትላለች። አይምፔን ክንዷ ሲዝል፣ ጓደኛዬን ሲሚንቶ ላይ ከምጥላት ብላ ራሷ ወደ ኋላ ወደቀች። ማርሴሊን ደረቷ ላይ በሰላም አረፈች፤ የአይምፔን ክርን ግን ወለቀ።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ትንሽ ቢያነክስ ይቅር ይበሉኝ። ጩኸቷን ሰምቻለሁ። ወጌሻው ክንዷን መልሶ ካሰረው በኋላ «አይዞሽ፣ ምርጫው ሳይደርስ ትድኛለሽ» ሲላት በእንባዋ መሃል ሳቀች። እርስዎ ግን በማግስቱ «ትግል ለሴት ልጅ አደገኛ መሆኑ በተግባር ተረጋግጧል» ብለው ጽፈው ስሟን ከምርጫው አሰረዙ። አደገኛው ሲሚንቶው ይሁን ፊሽካው ግን አልጻፉም። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። «ክርኔንስ ወጌሻው አሸልኝ፤ ስሜን ማን ያሽልኛል፣ እትዬ ኦርታንስ?» ብትለኝ ይህን ደብዳቤ ልጽፍልዎ ተቀመጥኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ያሠለጠንኳት ልጅ ናት፣ እንዴት አያንገበግበኝ!

ስለዚህ የምንለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሟን ይመልሱላት። ይቅርታ አንጠይቅዎትም፤ ሰርኩላርዎንም ቢፈልጉ አይሻሩት፣ በዓል ሲሆን እያነበብን የምንስቅበት ነገር ያስፈልገናል።

ለልጆቻችን ደህንነት ሲሉ እንቅልፍ ያጡትን እርስዎን አምላክ ረጅም ዕድሜ፣ ለስላሳ ወንበርና ከቢሮ የማያስወጣ ብዙ ሥራ እንዲሰጥዎ እየጸለይኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ጎንበስ ማለት በእኛ ትግል የመጀመሪያው አያያዝ መሆኑን ግን እንዳይቀየሙብኝ።

አክባሪዎ
ኦርታንስ ማንጋ፣ ያለ ቱታ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ትናንት እኛ እናቶች የሩዝ ማሳ መቆፈሪያችንን ይዘን ሲሚንቶዎን ልናነሳ ወጣን። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል ብለን ስንቅ ቋጥረን ነበር፤ ምሳ ሳይደርስ አለቀ። ከላይ እንደ ቂጣ የሳሳ ቅርፊት፣ ከሥሩ ያው የልጆቻችን አሸዋ! ለካ ሜዳችንን አልወሰዱብንም፤ ከድነው አስቀምጠውልን ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እርስዎን ምንም የሚቆጭዎት ነገር እንደማይኖር አይተን ደስ ብሎናል። የአዲሱ ቤትዎ የሲሚንቶ አጥር ግን ጠንካራ ነው አሉ፣ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ከቅርፊቱ አንድ ጆንያ ሞልተን፣ በአለቃዎ ስም አድርገን፣ ጀልባው ማረፊያ አስቀምጠነዋል። ጀልባው ቅዳሜ ጠዋት ይነሳል። የአይምፔን ስም ቀድሞ ከደረሰልን፣ ጆንያውን ለዶሮ ቤት ወለል እናደርገዋለን።