ከግራ የምትመጣው የሌሊት ወፍ

ሰኞ፣ የካቲት 3፣ ከቀኑ 10፡30

ለአስመራ ነዋሪዎች በሙሉ፣ በተለይም ለዓኽርያ ሰፈር! በታላቅ ሐዘን የምናሳውቀው ዜና አለ። ጀግናው ዛሬም ድልድዩ ላይ ሞቷል። ለአስራ አንደኛ ጊዜ። ገዳይዋ የሌሊት ወፍ ናት። ቀብር የለም፤ ቁልፉን ሲጫኑት ተመልሶ ይነሳል።

ደብተሬ፣ አትሳቅ። የልጅ ልጄ ራህዋ፣ አክስቷ ከጅዳ የላከችላትን ጌም ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክታ ታጫውተኛለች። ከፊልም የተሠራ ነው፦ ዘንዶ፣ ግንብ፣ የተሰረቀ ምንጭ። ፊልሙን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ሲኒማ ቤት የፊልም ማሽን ላይ ስሠራ ያሳየሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን አራተኛውን የፊልም ጥቅል ከሦስተኛው አስቀድሜ ለቀቅኩት። ሕዝቡ አጨብጭቦ ወጣ።

ራህዋ አስራ አራት ዓመቷ ነው፤ ያደገችው ሱዳን። ፊደሉን ታነባለች፣ አማርኛውን አትሰማም። ለዚህ ነው በአማርኛ የምጽፍብህ። ት/ቤት በአለንጋ የገባልኝ ቋንቋ ዛሬ የሣጥን ቁልፍ ሆነልኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ስለ ጌሙ ፍርዴ። መጀመሪያ ጥሩ ጎኑ። ሙዚቃው ያምራል። ድልድዩ ልክ እንደ ፊልሙ ይወዛወዛል። ከኋላ ወንበር የሚያስል የለም። ሞተህ ትነሳለህ፤ ይህን ቄሱ እንኳ በዚህ ፍጥነት ቃል አልገቡልኝም።

መጥፎ ጎኑ። ታሪኩን በመቀስ በልተውታል። ፊልሙ ላይ ጀግናው እናቱ መቃብር ላይ ያለቅሳል፤ እዚህ መቃብሩን ዘሎት ያልፋል። ፊልሙ ላይ ያለችው ልጅም ጎራዴ ይዛ ትዋጋ ነበር፤ እዚህ ግንብ ውስጥ ተቆልፎባት መጮኽ ብቻ። ራህዋ ተናደደች። «ኣደይ ብትሆን በሩን በርግጫ ትለው ነበር!» እናቷ፣ ልጄ አልጋነሽ፣ ታጋይ ነበረች። እውነቷን ነው። የእኛንም በር ሁለቴ ሰብራዋለች።

ትልቁ ጉድለት ግን የሌሊት ወፏ። ከግራ፣ ድንገት፣ ከየትም። ሠሪዎቹ አጭበርባሪዎች ናቸው። ራህዋም አላየኋትም ብላለች።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ምክንያቱን አገኘሁት። ማሽን ላይ ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል በምስሉ ቀኝ ማዕዘን፣ ከላይ፣ አንዲት ነጥብ ብልጭ ትላለች። ያኔ ሁለተኛውን ማሽን ታስነሳለህ። ካመለጠችህ ሸራው ይነጣል፣ ሕዝቡ ያፏጫል። ስንት ዓመት ሙሉ ዓይኔ እዚያ ማዕዘን ላይ ተቀምጦ ኖረ። ታዲያ ግራውን በምን ይየው? የሙያ ጠባይ ነው።

ጥሩ ምክንያት። እንዲጠነክር ጮክ ብዬ ደገምኩት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ፌርማታው ጋ ብሽክለታ ሊገጨኝ ነበር። ከግራ። ደወሉን ሰማሁ፤ ነጂውን አላየሁም። «አቦይ፣ አያዩም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። «አንተስ ፍሬን የለህም እንዴ?» አልኩት። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቤት እስክገባ በየሁለት እርምጃው ወደ ግራ እየዞርኩ አየሁ።

ጌሙ ውስጥ ብሽክለታ የለም፣ ደብተሬ።

አባቴ ትዝ አለኝ። መጀመሪያ የወቀሰው ፋኖሱን ነው። ቀጥሎ ክሩን። ቀጥሎ ባለሱቁ ጋዙን በውሃ በርዞታል አለ። በመጨረሻ ግድግዳ እየዳበሰ ኖረ፤ እኔን በጣቱ ነበር የሚለየኝ፣ ከአፍንጫዬ ጀምሮ።

ፈራሁ። በጣም።

እሁድ፣ የካቲት 9

ራህዋ ጌሙን መሃል ላይ አቆመችው። ምስሉ ደረቀ። ስንት የሌሊት ወፍ ይታይዎታል አለች።

«ሁለት።»

«ኣይፋልን አቦሓጎ። አራት ናቸው።» አይደለም፣ አያቴ፣ ማለቷ ነው።

ሁለቱ ሌላ ጥቅል ላይ ይሆናሉ አልኩ። አልሳቀችም። ሻሂ ላምጣ ብላ ወጣች።

ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ። ቴሌቪዥን የለም። ጭስ ብቻ። መስኮቱን ሞከርኩ። ጭስ። ዓይኔን በመሐረብ ጠረግኩና ደገምኩ። ጭስ። ግራውን ስሸፍን ደግሞ፣ ቀኙንም ጠርዝ ጠርዙን ጥላ ጀምሮታል። ቀኙንም!

ዞር ስል ራህዋ ብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ። ሻሂውን በቀኜ በኩል አስቀመጠችው።

አልጋነሽ እራት ላይ ምን ሆነሃል አለችኝ። ዘንዶው አስቸግሮኝ ነው አልኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 10፣ ከቀኑ 11፡00

ድልድዩን ተሻገርን። ዛሬ አዋጅ አላስነግርም።

ራህዋ በግራዬ ተቀመጠች። ቁልፎቹ በእኔ እጅ፣ ዓይኑ በእሷ። «ግራ!» ስትል እዘላለሁ። «ግራ! ገና! አሁን!» አራቱም አለፉ። ሲኒማ ቤት እያለሁ ሕዝቡ በየምሽቱ «ከኋላህ! ከኋላህ!» እያለ ይጮኽ ነበር። ጀግናው አንድም ቀን አልሰማም። እዚህ ይሰማል። የዚህ ጌም ትልቁ ብርታት እሱ ነው፤ ስለ መቃብሩም ሠሪዎቹን ይቅር ብያቸዋለሁ።

ከዚያ አልጋነሽን ጠርቼ ነገርኳት። ስለ ጭሱ፣ ስለ ብሽክለታው፣ ስለ አባቴም ጭምር። የተቆጣችው በብሽክለታው ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ዓይን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። ዶ/ሩ ለምን ዘገዩ ይለኛል። የግራው አለቀለት ቢል እችላለሁ። ስለ ቀኙ የሚለውን ነው የምፈራው። ይህን መስመር እንኳ አፍንጫዬን ወረቀቱ ላይ ደፍቼ ነው የምጽፈው። ራህዋ እስከ አውቶቡሱ በግራዬ ትሄዳለች። እሷው ናት የወሰነችው፤ ማንም አልጠየቃትም።

አንድ ነገር ላርምልህ፣ ደብተሬ። ረቡዕ ዕለት፣ ራህዋም የሌሊት ወፏን አላየኋትም ብላለች ብዬ ጽፌብሃለሁ። አላለችም። ወፏ ገና ከሩቅ ስትመጣ፣ በጣቷ እያሳየችኝ ነበር።