በምድር ቤትዎ የቀረው የበራችን መቃን

ለተከበሩ የወረዳችን የጎርፍ ስጋትና የመድን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለርስዎም ለባልደረቦችዎም የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ ባለፈው ክረምት ጽሕፈት ቤትዎ ውኃ ገብቶበት ነበርና ጫማዎም እስካሁን ደርቆ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን። እኔም፣ እናቴም፣ የስፌት መኪናዬም አለን፤ ቤታችን ብቻ በር የለውም፤ የምጽፍልዎትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ማን እንደሆንኩ ምናልባት ከዘነጉት፣ ከድልድዩ ማዶ ወንዙ ዳር ከሚኖሩት ሠላሳ ያህል አባወራዎች አንዱ፣ አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ የሚዞረው ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰፈሩ «ሜትሩ» ይለኛል። ቢሮዎ ከመመላለሴ ብዛት ዘበኛዎ አሁን አሁን ሲያየኝ መታወቂያ መጠየቁን ትቶ ስለ ሱሪው ያማክረኛል።

አባቴ አናጺ ነበር። ቤታችንን የሠራ ጊዜ ካቆመው የበር መቃን በአንዱ ጎን የእኔንና የእህቴን ቁመት በየዓመቱ በመሮ እየጫረ ምልክት ያደርግ ነበር፤ በሌላው ጎን ደግሞ ወንዙ ቤት በገባ ቁጥር ውኃው የደረሰበት ቦታ ላይ አንድ ምስማር ይመታ ነበር። እሱ ሲሞት መዶሻውን እኔ ተረከብኩ። በእሱም በእኔም እጅ የተመታው ምስማር አሥራ አንድ ነው፤ ልጆቹ ሁለት ነን። የእኔ ጭረቶች ጢም እስካበቅል ድረስ ይወጣሉ፤ የእህቴ ግን ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ይቆማሉ፤ ምክንያቱም የዚያ ዓመት ውኃ ወስዷታል። የዚያ ዓመት ምስማር ከእሷ ጭረት በላይ ነው። ፎቶ ተነሥታ አታውቅምና፣ በዚህ ዓለም ላይ እህቴ እንደነበረች የሚያሳየው ያ ጭረት ብቻ ነው።

ጊዜዎን ላለመሻማት ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ከአራት ዓመት በፊት ባለሙያዎ ድምፅ ማጉያ ይዞ ሰፈራችንን እየዞረ ሁላችንም የጎርፍ መድን እንድንገባ ስለመከረን አመሰግናለሁ። ወንዝ ዳር እየኖረ መድን የማይገባ ሰው ሞኝ ነው ብሎን ነበርና፣ ሞኝ ላለመባል ገባን። በዓመቱ ውኃው መጥቶ የባለ ወፍጮውን ከብቶች፣ የአዋላጇን አልጋና የደንበኞቼን ጨርቅ ጠራርጎ ሲሄድ ወደ መድን ድርጅቱ ሄድን፤ እነሱም ጎርፍ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከርስዎ ዘንድ እንድናመጣ በትሕትና ነገሩን። ጽሕፈት ቤትዎም በሦስተኛው ወር ደብዳቤውን ጻፈልን፤ ሰፈራችን በካርታው ላይ ከጎርፍ መስመር ውጭ ስለሆነና ከዚህ በፊትም ጎርፍ የገባበት ታሪክ ስለሌለው፣ በቤቶቻችን ውስጥ የታየው «ያልተለመደ እርጥበት» መሆኑን አረጋገጠልን። ባለ ወፍጮው ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ካስነበበኝ በኋላ፣ ሁለቱን በሬዎቹን ከነበረታቸው የወሰደበት እርጥበት ነው ማለት ነው ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሁለተኛ፣ ታሪኩ ይጣራልን ብለን ባመለከትን ጊዜ ባለሙያ ስለላኩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ልጁ ጨዋ ነው፤ ጫማውን አውልቆ ነው የገባው። መቃኑን አሳየሁት፣ የልጅነት ጭረቶቻችንን አስረዳሁት፣ ወደ ምስማሮቹ ልሻገር ስል ስልክ ተደወለለትና እያወራ ቆጥሮ፣ እያወራ ጽፎ፣ እያወራ ወጣ። ሪፖርቱ ሲደርሰኝ ቤተሰቡ አሥራ ሦስት ልጆች እንዳሉትና የጎርፍ ምልክት እንዳልተገኘ ይናገራል። ቁጥሩ ከርስዎ ዘንድ ወደ ጤና ጣቢያው ተላልፎ ኖሮ አሥራ ሦስቱንም ለክትባት እንዳቀርብ ወረቀት መጣልኝ። እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ወረቀቱን ሳነብላት በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ከዚያ የአንዷን ስም ጽፈውት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ሦስተኛ። ይህን ቁጥር ለካርታው አስቀምጬው ነበር፤ ግን ደከመኝ። የጎርፉ መስመር ከሰፈራችን ጫፍ ያለውን ወፍጮ ቤት ለሁለት ከፍሎ ያልፋል፤ ሞተሩ ጎርፍ ውስጥ ነው፣ ሚዛኑ ደረቅ መሬት ላይ ነው። ይኸው ነው።

አራተኛ፣ በሪፖርቱ ላይ ቅሬታ ሳቀርብ፣ ፎቶ ኮፒም ሆነ ፎቶግራፍ እንደማይበቃና ዋናው ማስረጃ በአካል መቅረብ እንዳለበት በማኅተም የተደገፈ መልስ ሰጥተውኛል። እኛ ሰፈር ማኅተም ያለበት ወረቀት ያዘዘውን ቃል በቃል የምንፈጽም ሰዎች ነን፤ ስሕተታችንም ይኸው ነው። ዋናው ማስረጃ መቃኑ ስለሆነ፣ ጎረቤቶቼ ጣራውን በአጣና ደግፈውልኝ ነቅለነው በጋሪ አመጣንልዎ። እናቴ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ጠዋት ጠዋት ስትወጣ የእህቴን ጭረት በጣቷ ነበር የምታየው። ከመነቀሉ በፊት ፈልጋ አገኘችውና እጇን ሳታነሣ ብዙ ቆመች። ለጥቂት ቀን ብቻ ነው አልኳት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ ጀርባው ላይ ማኅተም አሳረፈችበት፣ «እንጨት፣ አንድ፣ ያገለገለ» ብላ መዘገበችው፣ ወደ ምድር ቤትዎም ወረደ። ይህ ከሆነ አንድ ዓመት ከአራት ወሩ ነው። በበሩ ቦታ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋሁት መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ስፌቱ መጥፎ አይደለም።

አምስተኛ፣ ባለፈው ክረምት ወንዙ ድልድዩን አልፎ ወደ እርስዎ መጣና ምድር ቤቱን ሞልቶ ወደ ላይኛው ክፍል ወጣ። ከዚያ በኋላ ለቅሬታዬ የተሰጠኝን መልስ እንዳለ ልጥቀስልዎ፦ «የቀረበው ማስረጃ በጎርፍ ምክንያት የጠፋ በመሆኑ፣ በአካባቢው ጎርፍ ስለመኖሩ ማረጋገጥ አልተቻለም።» አርባ ዓመት ስሰፋ እጅጌው ባንገቱ የወጣ ልብስ አጋጥሞኛል፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። የጽሕፈት ቤትዎ የራሱ የመድን ጥያቄ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደተስተናገደ በመስማቴም ከልብ ደስ ብሎኛል፤ የጎርፉን ማረጋገጫ ራሳችሁ ለራሳችሁ መጻፋችሁ ነገሩን ሳያፋጥነው አልቀረም። አዲሶቹ መደርደሪያዎች ያምራሉ።

ክቡር ሆይ፣ የመድኑን ነገር ትቼዋለሁ። አሁን የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ውኃው ከወረደ በኋላ ከምድር ቤቱ የወጣው እንጨት ሁሉ ከግቢው ጀርባ ተቆልሏል፤ ዘበኛዎም የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ያለ ፈቃድ እንደማይነካና ክረምት ከመግባቱ በፊት ለማገዶ እንደሚሸጥ ነግሮኛል። ከመሸጡ በፊት አንድ ቀን፣ ግማሽ ቀንም ቢሆን፣ ገብቼ እንድፈልግ ይፍቀዱልኝ። ማኅተሙ ካልለቀቀ በማኅተሙ እለየዋለሁ፤ ከለቀቀም እናቴን ይዣት እመጣለሁ፣ እሷ በጣቷ ታገኘዋለች። ከቢሮዎ በተመለስኩ ቁጥር፣ ሰዎቹ እስካሁን አንብበው አልጨረሱም ወይ ትለኛለች። እኔም ብዙ ስለሆነ ገና ናቸው እላታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እናቴን መዋሸት ሰልችቶኛል።

ከተቀመጡበት ወንበር ምንም ነገር እንዳያነቃንቅዎ እየተመኘሁ፣ የራሴ በር ስለሌለኝ በእርስዎ በር ላይ ሁልጊዜ የምጠብቅዎ፣

ታዛዥዎና አመስጋኝዎ
ልብስ ሰፊው «ሜትሩ»

ግልባጭ፦
ለመድን ድርጅቱ
ለአሥራ ሦስቱ ልጆቻችን

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ ውስጥ ስጠብቅዎ ከወንበርዎ ጀርባ ያለው ግድግዳ በአዲስ ቀለም መቀባቱን አየሁ። ቀለሙ ስስ ነውና ውኃው የደረሰበት መስመር ከሥሩ ይታያል። ልማድ ሆኖብኝ ለካሁት፤ አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት ነው። እህቴ ለመጨረሻ ጊዜ ስትለካ ከዚያ በሁለት ጣት ታንስ ነበር። የአባቴን መዶሻ ይዤ ስለነበር መስመሩ ላይ አንድ ምስማር መትቼልዎታለሁ፤ እስከ ክረምት ድረስ ኮትዎን ሊሰቅሉበት ይችላሉ።