የተጠራጠረ ይከፍላል

ለልጄ እናት፣

ሰላምታውን ኋላ እመለስበታለሁ፤ የዛሬ ጠዋቱን ካልተነፈስኩት እጄ ሌላ ነገር አይጽፍልኝም። ቃጭል አሸነፈችኝ። የቃል ጨዋታው ውድድር ላይ፣ ሰው ፊት። ከቤት የወጣነው እየተሯሯጥን ነው። እኔ መነጽሬን ስፈልግ፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ «አባዬ ግንባርህ ላይ ነው፣ ግንባርህ ላይ!» ስትል አውቶቡሱ አመለጠን። ቀጣዩ ላይ ቆመን ሄድን። መንገዱን ሙሉ በ«ወ» የሚጀምሩ ቃላት ስታነበንብ አጠገቧ የነበሩት ሴትዮ ጸሎት መስሏቸው ወሬያቸውን አቆሙላት። አዳራሹ ስንደርስ ዕጣው ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ሦስተኛው ዙር፣ አባትና ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ። እኔ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። እሷ ግን አየት አደረገችውና «ውይ አባዬ፣ አሳዘንከኝ» ብላኝ ገባች።

እንግዲህ ሰላምታው። እንደምን ሰነበትሽ? ያ ትከሻሽ እንዴት ሆነልሽ? ፋብሪካው ጨርቁን ቁጭ ብላችሁ እንድትቆርጡ ፈቀደላችሁ ወይስ አሁንም ቆማችሁ ነው? እኛ ደህና ነን። በስልክማ አንቺ «ደህና ናችሁ?»፣ እኔ «ደህና ነን»፣ ከዚያ ሁለታችንም የመስመሩን ጩኸት እናዳምጣለን። ስለዚህ ያለውን በተራ በተራ ልጻፍልሽ።

አንደኛ፣ ቤቱ አለ። የማድ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠቡን ትቷል፤ የመታጠቢያ ቤቱ ተረክቦታል።

ሁለተኛ፣ ሱቁም አለ። ሙቀት በመጣ ቁጥር የሰው ፍሪጅ ሁሉ ተማክሮ የሚታመም ይመስለኛል። አሁንም ይህን የምጽፍልሽ ጀርባው የተከፈተ ፍሪጅ አጠገቤ አስቀምጬ ነው። ባለቤቱ ሁለቴ መጥቶ በመስኮት አይቶኝ ሄደ።

ሦስተኛ፣ ልጅሽ ቁመቷ ከኔ እኩል ሆኗል። ጫማዬን አድርጋ ትወጣና እኔ ጫማ ፍለጋ ቤቱን እዞራለሁ።

አራተኛ፣ ስፌት መኪናሽ። አራተኛውን ቆየት ብዬ።

ይህን የቃል ጨዋታ ቤታችን ያስገባሽው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ሰሌዳውን ከካርቶን ቆርጠሽ፣ ፊደሎቹን በልብስ ቁልፍ ላይ በቀለም ጽፈሽ። የጨዋታው ክበብ ውስጥ አሁን ሁሉም ፕላስቲክ ነው። ሕጉ ግን ያው ነው፤ ሰባት ሰባት ፊደል ይዘን ሰሌዳው ላይ ቃል እንሠራለን፣ የተሠራውን ቃል ያላመነ እጁን አንስቶ «እጠራጠራለሁ» ይላል፣ መዝገበ ቃላት ይገለጣል። ቃሉ ከሌለ የሠራው ያነሳዋል። ካለ ተጠራጣሪው ተራውን ያጣል። ይሄ የሁሉም ሕግ ነው። ያንቺ ግን ቅጥያ አለው። በከንቱ የተጠራጠረ ሰው አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፣ እውነቱን ይመልሳል። «አላውቅም» ክፍያ አይደለም፤ የማያውቅ ሰው የሚያውቀውን ሰው ጠይቆ ይከፍላል። የትም እንጫወተው የት ዕዳው ቤት ድረስ ይከተላል። የሰርጋችን ቀን ለምን እንደዘገየሁ ከአፌ ያወጣሽው በዚሁ አይደል? መኪና ተበላሽቶ ነው ስልሽ ኖሬ፣ አንዲት ቃል ብጠራጠርብሽ ጸጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ እንደነበር ተናገርኩ። እስካሁን አስተካካዩ በር ላይ ሳልፍ ሳቅሽ ይሰማኛል።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ማታ ማታ ቃል ማምጣት ጀምረናል። እሷ ከትምህርት ቤት፣ እኔ ከደንበኛ አፍ። ያመጣ ሰው ቃሉን ብቻ ቢናገር አይቆጠርለትም፣ ነገሩን ማሳየት አለበት። ይህን ደግሞ እሷ ናት ያወጣችው፤ የእናቷ ልጅ አይደለች፣ ሕግ ማውጣት ወርሳለች። «ወለምታ»ን ያመጣች ቀን እያነከሰች፣ ግድግዳ እየያዘች ገባች። ውሃ አሙቄ ጨርቅ ስፈልግ፣ ቀጥ ብላ ቆመችና «ወለምታ፣ አራት ፊደል» አለችኝ። በሌላ ቀን «ሰቀቀን»ን አመጣች። አሳዪኝ ብላት መስታወቱን አንስታ ፊቴ ላይ ያዘችው። ቃሉን ቆጠርኩላት።

ወደ ጠዋቱ ልመለስ። እየመራሁ ነበር። ማመን ይቸግርሽ ይሆናል፣ ግን ጋሽ ፖስታን ጠይቂያቸው፤ እኚያ ጡረታ የወጡት ፖስተኛ፣ የዘንድሮ ዳኛ እሳቸው ናቸው። እኔ «ይሁንታ»ን ሠርቼ ደረቴን ነፍቼ ተቀምጫለሁ። እሷ ፊደሎቿን እያገላበጠች ብዙ ቆየች። ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አድርጋ ከላይ ወደ ታች ደርድራ የኔን «ይ» ጫፍ ላይ አደረገችው። እንደ ልማዷ ደግሞ ጮክ ብላ አነበበችው፣ መቼስ ቃጭል ያስባላት ይኸው አይደል።

«አመዳይ!»

እጄን አነሳሁ። «እጠራጠራለሁ» አልኩ።

አየችኝ። ያን ዓይኗን ታውቂዋለሽ፣ ካንቺ ነው የወሰደችው፤ ሰውን አቁሞ በሜትር የሚለካ። ጋሽ ፖስታ መጥተው ሰዓቱን አቆሙ። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «እርግጠኛ ነህ ልጄ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ጣታቸውን በምላሳቸው እያረጠቡ ገለጡ፣ ገለጡ፣ አገኙት። ሌሊት በብርድ ሣርና ቅጠል ላይ የሚጋገር በረዶ መሰል ነጭ ነገር ብለው አነበቡልኝ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉና «አንተ ሰውዬ፣ ቀኑን ሙሉ ስትፍቀው የምትውለውን!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከጎናችን ሲጫወት የነበረው ጸጉር አስተካካይ «ከዛሬ ጀምሮ ፍሪጄን አንተ እንዳትነካብኝ!» አለ። እኔም ሳቅሁ። መነጽሬ ጭጋግ ለብሶ ነው፣ እንቅልፍም አላገኘሁም አልኳቸው። እሷ ብቻ አልሳቀችም።

ተራዬ ሄደ። እሷ በዚያው ቀዳዳ ገባችና እስከ መጨረሻው አልተመለሰችም። ሲያልቅ እጄን እንደ ባዕድ ጨበጠችኝና ቀጣዩን ዙር ልትመዘገብ ሄደች።

በመመለሻችን አውቶቡስ ላይ ዝም፣ ዝም፣ ዝም። እኔ «ዝም አይነቅዝም» እያልኩ ስኮራ አንቺ «ባይነቅዝም ይሻግታል» ትይኝ አልነበር? ድልድዩን እንዳለፍን ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ «ክፍያዬን» አለችኝ። ጠይቂ አልኳት። እንደዚያ ጮክ ብላ የምታነበው ልጅ በጣም ቀስ ብላ «እማዬ ትመለሳለች?» አለችኝ።

ትመለሳለች አልኳት። «ያ ምኞት ነው አባዬ። ክፍያ በእውነት ነው።» አላውቅም አልኳት። «አላውቅም አይከፍልም። የማን ሕግ እንደሆነ ታውቃለህ።» ከኋላችን የተቀመጡት ሰዎች ስለ ገንዘብ የምንጨቃጨቅ መስሏቸው ወደኛ አንገታቸውን አሰገጉ።

ከዚያ ሌላውንም ተናገረች። ትምህርት ቤቱ በሚመጣው ዓመት የሚቀጥለውንና የሚለቀውን ተማሪ እስከ ዓርብ አሳውቁ ብሏል። አንቺ የምትመለሺ ከሆነ እዚሁ ትመዘገባለች። ካልሆነ ግን አንቺ ጋ መጥታ መማር ነው ሐሳቧ። ምን አስበሽ ነው ብላት፣ «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብቻችሁን መሆናችሁ ካልቀረ በተራ ይሁን ብዬ ነው» አለችኝ። ይህን ቃል ማን አስተማራት? እኔ አላመጣሁትም። ፌርማታችንን አልፈን ወረድን።

አሁን ተነስቼ በሩ ድረስ ደርሼ ተመለስኩ። ባለ ፍሪጁ መስሎኝ ነበር፤ ንፋስ ነው።

አራተኛውን አልረሳሁትም። ስፌት መኪናዬን ላክልኝ ካልሽ ወዲህ ከመስኮቱ ሥር አንስቼ በሩ አጠገብ አድርጌዋለሁ። አንድ ቀን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በገመድ አስረዋለሁ። በማግስቱ ፈትቼ ዘይት እቀባዋለሁ፣ መርፌውን አያለሁ፣ ፔዳሉን ረገጥ ረገጥ አደርገዋለሁ። ቃጭል ስታልፍ «አባዬ፣ ይጓዛል ወይስ ይሰፋል?» ትለኛለች። መጀመሪያ ሥራው ለአንድ ዓመት ነው አልሽን፣ ጠበቅን። ትንሽ አራዘሙልን አልሽን፣ እሱንም ጠበቅን። መኪናውን ላክ ስትይ ግን ምን ብዬ እንደምጠይቅሽ ጠፋኝ። ስልኩን አንስቼ ቁጥርሽን እደውልና ስታነሺው ስለ ቧንቧው አወራሻለሁ።

ቤት ልንገባ ስንል፣ ደረጃው ሥር፣ ቆም አለች። «አባዬ፣ አመዳይን እኮ ያሳየኸኝ አንተ ነህ» አለችኝ። «እማዬ የሄደች ሰሞን፣ ያ የምግብ ቤቱ ትልቁ ፍሪዘር መጥቶ፣ እጄን አስገብተህ በጥፍሬ አስፋቅኸኝ። ቀዝቅዞኝ ሳለቅስ ጣቶቼን እፍ እያልክ አሞቅህልኝ።» ረሳሁት አልኳት። ክንዴን ያዘችኝ። «እሺ፣ ረስተኸዋል» አለችኝ። ደረጃውን ጨርሰን፣ ቁልፉን አውጥቼ፣ በሩ እስኪከፈት ድረስ አለቀቀችኝም።

እና እንግዲህ እኔ የማላውቅ ነኝ፤ የምታውቂው ደግሞ አንቺ ነሽ። እመጣለሁም በይ፣ አልመጣምም በይ፣ ለእኔ ብለሽ አታሳምሪው። «እስቲ እናያለን» ብቻ እንዳትዪኝ፤ በእሷ ቃል ላይ «እጠራጠራለሁ» ብዬ እጄን አነሳለሁ። ከዓርብ በፊት ከደረሰ በደብዳቤ፣ ካልደረሰ በስልክ ይሁን። በስልክ ከሆነ ለእኔ ሳይሆን ለቃጭል ንገሪያት፣ እኔ እንደሆንኩ ስለ ቧንቧው እጀምርሻለሁ። መልስሽ ምንም ይሁን ቅዳሜ ግማሽ ፍጻሜ ትጫወታለች። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አያለሁ። መነጽሬንም አልረሳም።

ትከሻሽን ሙቅ ነገር አድርጊበት። እጅሽን ከመቀሱ፣ ዓይንሽን ከአምፖሉ ይጠብቅልሽ። የሚያከብርሽ አለቃ፣ የሚያስቅሽ ጎረቤት ይስጥሽ። ያሰብሽው ይቅናሽ፣ ያሰብሽው እኛን ባይሆን እንኳ።

የቃጭል አባት

ደረሰኝ መጻፍ ለምዶብኝ የታችኛውን መስመር ካልሞላሁ ወረቀት ያለቀ አይመስለኝም።

ያልተከፈለ፦ ለልጃችን አንድ መልስ።