አምስት መስመር መግቢያ

ሆሳዕና፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፤

የጌታ ሰላም ከደጃፍሽ አይራቅ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ ዛሬም ያቺን ዳገት ሲያይ ያጉረመርማል? መነጽሩስ ተስማማሽ? ገነቴና ልጆቿ፣ ጊደሯ፣ እንሰቱ ሁሉ ሰላም ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ስልሽ እንዲሁ ለወጉ አይደለም፤ ሰሞኑን እግሬ መሬት አልነካ ብሎኛል።

ለምን አልደወልሽም እንዳትዪኝ። ስደውል እህቴ ገነቴ ላውድ ላይ ታደርገዋለች፣ ግማሹ ጎረቤት ሰላም ሲለኝ ካርዴ ያልቃል። ይህን የምነግረው ደግሞ ለአንቺ ብቻ ነው። ድሮ ቢሆን ደብዳቤ የሚያነብልሽ ሰው ይፈለግ ነበር። በስልሳ ዓመትሽ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረሽ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስሽን ራስሽ ማንበብ ከጀመርሽ ወዲህ ግን በእኔና በአንቺ መሃል ሰው አያስፈልገንም። ደብዳቤውን ናስረዲን በሚኒባሱ ያደርስልሻል፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ወሬው ይኸውልሽ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጸሐፊነት የተቀመጥኩበት መሥሪያ ቤት የባለጉዳይ መስተንግዶ ክፍል ኃላፊ በውድድር እመድባለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። አንቺ የሳቅሽበት የቅዳሜና እሁድ ዲግሪዬ ለዚህ ቀን ደረሰልኝና ተመዘገብኩ። ሰባት ነበርን፤ ስድስቱ በዕድሜ ታናናሾቼ፣ በትምህርት ታላላቆቼ ናቸው። ካላለፍኩ እስከ ጡረታዬ የሰው ደብዳቤ ስጽፍ መኖሬ ነው። ያን ወንበር የፈለግኩት ግን ለደመወዙ ብቻ አልነበረም።

ፈተናው አሳማኝ ድርሰት ነው። መሥሪያ ቤታችን ምን ማሻሻል እንዳለበት አንድ ነገር መርጠን ፈታኞቹን እንድናሳምን አስቀድሞ ተነገረን። እኔ የመረጥኩት ባለጉዳይ አፉን በፈታበት ቋንቋ ይስተናገድ የሚለውን ነው። ሐሳብ ሞልቶኛል፤ መግቢያው ግን ቁም ስቅሌን አሳየኝ።

እኛ ግቢ የተከራየችውን የአማርኛ መምህርት፣ ትርሲትን፣ ታስታውሻታለሽ፤ ለገና ስትመጪ ቡላ መብላት ያስለመድሻት ናት። የመጀመሪያውን ረቂቄን ሰጠኋት። ገና ዓይኗ እንዳረፈበት በሳቅ ፈረሰች። ምን ብዬ የጀመርኩ ይመስልሻል? ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው! አሥራ ዘጠኝ ዓመት በቀን ሃያ ጊዜ ስጽፋት ኖሬ፣ እጄ እኔን ሳይጠይቅ ጻፋት። ይህ ፋይል ውስጥ ለመተኛት የተጻፈ እንጂ ሰው ለማሳመን የተጻፈ አይደለም አለችኝ። ተናደድኩባት፤ ግን እውነቷን ነው።

በሁለተኛው የትምህርት ቤቱን ጥበብ አመጣሁ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ብዬ ከፈትኩና ቋንቋ ማለት የሰው ልጅ መግባቢያ ነው ብዬ ቀጠልኩ። ትርሲት መጀመሪያ ጠጅ ቀምሳ የማታውቅ ጴንጤ ስለ ብርሌ ምን አገባት አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ ቋንቋ መግባቢያ መሆኑን የማያውቅ ፈታኝ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ተቀምጣ አስረዳችኝ። ፈታኝ ሳያነብ የደከመው ሰው ነው አለች። አንቺ ብቻ ያየሽውን አንድ ነገር አሳዪውና ቀና ይበል፤ ነገሩ እሱንም እንደሚመለከተው ይግባው፤ ከዚያ ሳትለማመጪ አቋምሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪው። ያየሽው ነገር የለም ወይ አለችኝ። ነበረኝ፣ እናቴ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? ስንት ዓመት ሳሸው ኖሬ አልድን ያለኝ ነገር ነበረኝ።

የፈተናው ቀን ወረቀቱን ስቀበል ረቂቆቹን ሁሉ ትቼ ይህን ጻፍኩ። እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፤

«አንዲት እናት የሟች ባላቸውን የመሬት ደብተር ወደ ስማቸው ለማዞር ከሾኔ ገጠር በጠዋት ተነስተው መሥሪያ ቤታችን መጡ። ጉዳያቸውን በሚያውቁት ቋንቋ፣ በሀዲይሳ፣ ተናገሩ። ጸሐፊዋ ባልደረቦቿን አፍራ፣ ሀዲይሳ እየሰማች የማትሰማ መስላ በአማርኛ ሰኞ ይመለሱ አለቻቸው፤ መዝገቡ ላይ ግን ስማቸውን እስከ አያታቸው ሳትጠይቅ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰኞ አልፏል፤ እኚያ እናት አልተመለሱም። ባለጉዳይ አፉን በፈታበት ቋንቋ እስካልተስተናገደ ድረስ መሥሪያ ቤታችን በሩ ተከፍቶም ዝግ ነው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ከየት እንዳገኘኋት ታውቂያለሽ። ያን ቀን ከእኔ መስኮት ተመልሰሽ ቤት ስትደርሺ ለገነቴ ቢሮው ዝግ ነበር አልሻት። ገነቴ ይህን ስትነግረኝ የያዝኩትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለስኩት። አንቺ ግን አንድም ቀን አላነሳሽብኝም። ሠርጌን መረቅሽ፣ ልጆቼን አቀፍሽ፣ ቤቴ ስትመጪ ቅቤሽን ይዘሽ መጣሽ፤ ቢሮዬን ግን አሳዪኝ ብለሽ አታውቂም።

በሦስተኛው ቀን ለቃል ጥያቄ ተጠራሁ። የፈታኞቹ ሰብሳቢ አቶ ሕዝቅኤል የሚባሉ መነጽራም ሽማግሌ ናቸው። የተዘጋጀውን ጥያቄ ከጨረሱ በኋላ ወረቀቴን አነሱና፣ ያቺ ጸሐፊ የማታውቃቸውን ሴት ስም እስከ አያታቸው እንዴት ሳትጠይቅ ጻፈች ብለው ጠየቁኝ። መለስኩላቸው። ምን እንዳልኩ አልጽፍልሽም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ በዚህ ኩሪብኝ። አቶ ሕዝቅኤል መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት፤ ከዚያ ጥያቄ የለኝም አሉ።

ውጤቱ ሲለጠፍ አንደኛ ወጣሁ! አንደኛ፣ እናቴ! ከዱራሜ የመጣው ባለማስተርስ ጎረምሳ ሁለተኛ ሆነ፤ መጥቶ እጄን ጨብጦ፣ አሸነፍሽኝ ሳይሆን አሳመንሽኝ አለኝ። ያን ማታ እኔና ትርሲት ግቢውን በእልልታ አናጋነው፤ አከራያችን ሰርግ ነው እንዴ ብላ ወጣች።

ይኸው ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። መጀመሪያ ያደረግኩት በሀዲይሳና በከምባትኛ እናስተናግዳለን የሚል ወረቀት በሩ ላይ ማስለጠፍ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ የባደዋቾ ሽማግሌ መንገድ ለመንገድ ሲያጠኑት በመጡት አማርኛ ላብ በላብ ሆነው ጀመሩ። በሀዲይሳ መለስኩላቸው። አማርኛውን እዚያው ጥለው ጉዳያቸውን ከቅድመ አያታቸው ዘመን ጀምረው አወሩኝ! ሰልፉ ቆመ፤ ግን ማንም አልተቆጣ፣ የሚስቀው በዛ እንጂ።

እናቴ፣ የእኛ ደብተር ዛሬም በአባቴ ስም ነው። ሐሙስ ናስረዲን ከፊት ወንበር ይይዝልሻል። ደብተሩን ያዢና ነይ። እንደማንኛውም ባለጉዳይ ተራ ትጠብቂያለሽ፤ አላዳላልሽም። ተራሽ ሲደርስ ግን ከወንበሬ ተነስቼ፣ ኮሪደር ሙሉ ሰው እየሰማ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ በሀዲይሳ «እናቴ» ብዬ እጠራሻለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ለሐሙሱ መንገድ ያበርታልኝ። ምርቃትሽ አይለየኝ።

የበኩር ልጅሽ